ጥንቸልዎን ሲያጎርሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኛ ቤት ጥንቸሏ የታመመችው በጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔ ጎንደር ውስጥ እንግዳ የሌለበት ቤት የለም፤ የመጣው ሁሉ ደግሞ «ኧረ ትቅመስ!» እያለ አንድ ነገር ይሰጣታል። አንዱ ዳቦ፣ ሌላው ሙዝ፣ ልጆቹ ብስኩት። ማታ ጥግ ይዛ ኩርምት አለች፤ የሣር ድርቆሹን ዞራም አላየችው። ጠዋት ሣጥኗን ስጠርግ ያገኘሁት በጠጥ ጥቂት፣ እሱም ከወትሮው የደቀቀ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ሁሉም «ትንሽ ነው» ብሎ ይሰጣል፣ የሚደምረው ግን የለም። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል ፍራፍሬ በቀን ቢበዛ ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። እኔ አሁን የዕለቱን ድርሻ ጠዋት በቡና ስኒ አስቀምጣለሁ፤ ስኒው ባዶ ከሆነ እንግዳው የሚያጎርሳት ድርቆሽ ብቻ ነው።

ካሮትን ዋና ምግቧ ማድረግም የተለመደ ነው። ካሮት ስኳር አለበት፤ አንድ ስስ ቁራጭ ይበቃታል። ቅጠሉ ይሻላታል፤ ቅዳሜ ገበያ ቆርጠው ሲጥሉት ካዩ ይለምኗቸው።

ከሁሉ የሚከፋው የእኛን መክሰስ ማካፈል ነው። የጥንቸል ምግብ የሚብላላው ትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ባለ ከረጢት ውስጥ፣ የሣር ቃጫ በለመዱ ባክቴሪያዎች ነው። ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ብስኩት ሲበዛበት የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ይዛባል፣ ሆዷ በጋዝ ይነፋል፤ ማስመለስ ደግሞ አትችልም። ቡና ሲፈላ ቄጤማው ላይ የሚበተነውን ፈንዲሻ ልብ ይበሉ፤ የእኛዋ ከረከቦቱ ሥር ገብታ አንድ በአንድ ስትለቅም ደርሼባታለሁ። ጣፋጭ መብዛቱን ቀድሞ የሚናገር ምልክትም አለ፦ ጥንቸል የምታወጣውን ለስላሳ በጠጥ ራሷ መልሳ ትበላዋለች፤ ሳትበላው ቀርቶ ከጅራቷ ሥር ተለጥፎ ካዩ ጉርሻውን ያቁሙ።

አረንጓዴ ሁሉ ደግሞ ሣር አይደለም። የአቮካዶ ልጣጭና ቅጠል መርዝ ነው፤ የሽንኩርትና የድንች ቅጠልም አይሰጥም። ጥር ላይ በየመንገዱ የሚሸጠው የሽምብራ እሸትም ይቅርባት፣ ይነፋታል። በሶብላ ግን ብትሰጧት ደስታዋ ነው። አዲስ ነገር ሲያስለምዱ አንዱን ብቻ፣ በትንሹ ሰጥተው አንድ ቀን በጠጧን ይዩ። ሦስት ወር ላልሞላት ግልገል ጉርሻ ጭራሽ አያስፈልግም።

የእኔ ትልቁ ጥፋት «ይነጋል» ብዬ መተኛቴ ነበር። ጥንቸል ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ጉዳዩ ለነገ የሚቆይ አይደለም፤ አንጀቷ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጥቶ፣ የሕመም ማስታገሻ ወግቶ መለሰልኝ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የድርቆሽ ጭረት ከጫፏ ይዛ ቀስ እያለች ወደ አፏ ሳበቻት።