በጨዋማ መሬት ላይ የስንዴ ዝርያዎችን እውነተኛ ልዩነት እንዴት መለካት ይቻላል

አፋር ክልል፣ አሚባራ ላይ በጠዋት ማሳ የገባ ሰው ነጩን የጨው ቅርፊት በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጫማው ሥር ሲሰበር ይሰማዋል። ይህ የመካከለኛው አዋሽ መሬት ለአሥርተ ዓመታት ጥጥ ሲለማበት የኖረ ነው። በቂ ማፋሰሻ ሳይኖረው ብዙ ውሃ በመጠጣቱ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ቀርቧል፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። ዛሬ በመስኖ ስንዴ ስለሚዘራበት የትኛው ዝርያ ጨው ይችላል የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኗል። መልሱን በራሳችሁ ሙከራ ለማግኘት የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የልማት ሠራተኞችና የዘር አባዢ ማኅበራት ካላችሁ አሠራሩ ይኸውላችሁ።

መጀመሪያ 15 ወይም 20 ዝርያ ሰብስቡ። ሁለትና ሦስት ዝርያ ይዞ ስለ ዘር ልዩነት መናገር አይቻልም። ከመካከላቸው አንዱ የአካባቢው ገበሬ የሚያውቀው ይሁን፤ ከተገኘ ካርቺያ 65ንም ጨምሩ። ከህንድ የመጣው ይህ ስንዴ ለጨው መቋቋም የታወቀ መነጻጸሪያ ነው። የዱረም (የፓስታና የማካሮኒ) ስንዴ ከጨው የሚመጣውን ሶዲየም ከቅጠሉ በማራቅ ረገድ ከዳቦ ስንዴ ስለሚደክም ሁለቱን በየራሳቸው ወገን አወዳድሩ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ አፈሩን መለካት ነው፤ እዚህ ላይ ተረጋጉ። ጨው በማሳ ላይ እኩል አይሰራጭም፤ በአምስትና በስድስት እርምጃ ልዩነት ሌላ መሬት ሊሆን ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ከመላው ማሳ አፈር ቀላቅዬ አንድ ናሙና ብቻ ወሰድኩና አማካዩን መዝግቤ ዘራሁ። በቦይ አጠገብ የነበረ አንድ ዝርያ ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሰጠ። በደስታ ዘሩን አባዝቼ ለአንድ ገበሬ ሰጠሁ። በዓመቱ ገበሬው እፍኝ ስንዴ አምጥቶ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ፤ ፍሬው እንደ ከሙን የቀጠነና የተጨማደደ ነበር። ተመልሼ የዚያን መደብ (ዝርያው የተዘራበትን ቁራሽ መሬት) አፈር ሳስመረምር የጨው መጠኑ 3 ዴሲሲመንስ በሜትር (የአፈር ጨው የሚለካበት አሃድ) ሲሆን የጎረቤቶቹ ከ9 እስከ 11 ደረሰ። እጥፍ ምርት የሰጠኝ ዝርያው ሳይሆን ከቦዩ በሚሰርገው ውሃ ታጥቦ የጣፈጠው መሬት ነበር። የስንዴ ምርት መቀነስ የሚጀምረው ከ6 ገደማ በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ አሃድ በአማካይ 7 በመቶ ያህል ይወርዳል። በ3 እና በ11 መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ከምርቱ ከሲሶ በላይ ይወስዳል ማለት ነው። ያንን ገበሬ አንድ ወቅት አስከስሬዋለሁ፤ እናንተ አትድገሙት።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ መደብ ለብቻው አፈር ውሰዱ፤ ከ0 እስከ 30 እና ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር፣ አንድ ጊዜ ከመዝራት በፊት፣ አንድ ጊዜ ሰብሉ ሲደርስ። በቦይ የምታጠጡ ከሆነ ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ቦታ ውሰዱ፤ ውሃው ጨውን እየገፋ በቦዮቹ መካከል ያለው ጉብታ አናት ላይ ስለሚያከማቸው ከአናቱና ከቦዩ ወለል የተወሰዱ ናሙናዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። በዚሁ ምክንያት ዘሩንም አናቱ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ዝሩ።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በኪስ የሚያዝ የጨው መለኪያ በየጠዋቱ መጠኑ በታወቀ መደበኛ ፈሳሽ ከተስተካከለ ይበቃል። አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ የተጣራ ውሃ በጥብጡ፤ የቦይ ውሃ ራሱ ጨው ስላለው በፍጹም አትጠቀሙ። በዚህ መንገድ የምታገኙት ቁጥር በውሃ ከጠገበ የአፈር ሊጥ ከሚገኘው ያነሰ ስለሆነ መደቦችን እርስ በርስ ለማወዳደር እንጂ ከላይ ከጠቀስኩት 6 ጋር ለማስተያየት አይሆንም። ለዚያ ጥቂት ናሙናዎችን ወደ ላቦራቶሪ ላኩ።

መደቦቹን በሦስት ድግግሞሽ (እያንዳንዱን ዝርያ በሦስት መደብ) በዕጣ ደልድሉ፤ የምታውቁትን ዝርያ በየመካከሉ ደጋግማችሁ ዝሩት። ጨው በሌለው መሬት ላይም ያንኑ ሙከራ አቋቁሙ። ዘሩን በክብደት ብቻ ሳይሆን በመብቀል አቅሙ አስተካክሉ። መዝራት አታዘግዩ፤ አዋሽ ላይ ዘግይቶ የሚያዛላ ስንዴ ሙቀት ያገኘዋል፤ ከዚያ የጎዳው ጨው ይሁን ሙቀት መለየት አይቻልም።

የበቀለውን ቆጥሩ፤ ከዚያ ያዛላበትን ቀን፣ ፍሬ የያዙ ቀንበጦችን ብዛት፣ በዛላ ያለውን ፍሬ፣ የሺህ ፍሬ ክብደትንና ምርቱን መዝግቡ። የዳር መስመሮችን አትጨዱ።

ስሌቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። የልዩነት ትንተና (ANOVA የሚባለው ስሌት) ሁለት ቁጥሮች ይሰጣችኋል፤ በዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነትና የስህተቱን፣ ማለትም ከዝርያው ውጭ በመደቦች መካከል የሚታየውን። ለምሳሌ የዝርያው 46፣ የስህተቱ 10፣ ድግግሞሹ 3 ቢሆን፣ ከ46 ላይ 10 ቀንሳችሁ ለ3 ስታካፍሉ 12 ታገኛላችሁ፤ ይህ ከዘር የመጣው ልዩነት ነው። ስህተቱን ስትደምሩበት ጠቅላላው 22 ይሆናል። 12ን ለ22 ማካፈል 55 በመቶ ያህል የመውረስ አቅም፣ ማለትም ከጠቅላላው ልዩነት ከዘር የመጣውን ድርሻ፣ ይሰጣል። የየመደቡን የጨው መጠን ወደ ትንተናው ካስገባችሁ የስህተቱ ቁጥር ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ቁፋሮ የሚክሰው እዚህ ነው። ከአንድ ቦታና ከአንድ ወቅት የተገኘ የመውረስ አቅም ግን የአካባቢውን ድርሻ ከዘሩ ጋር ስለሚደባልቅ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሁለተኛ ወቅት ሳትደግሙ አትመኑት።

በመጨረሻ ዝርያ ስትመርጡ በመቶኛ ኪሳራ ብቻ አትመሩ። በጥሩ መሬት 50 ኩንታል ሰጥቶ በጨዋማው 20 የሚሰጥ ዝርያ 60 በመቶ ያጣል፤ 25 ሰጥቶ 15 የሚሰጠው 40 በመቶ ብቻ ያጣል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ጆንያ ግን የሚሞላው የመጀመሪያው ነው። የሁለቱን መሬት ምርት አንዱን በሌላው አባዙና አወዳድሩ፤ 1,000 እና 375 ይመጣል። በዚህ በሁለት ወቅት ተከታትለው ከፊት የቆሙትን ዝርያዎች ዘር ብቻ አባዙ፤ ለገበሬው ዘሩን ስትሰጡም የተፈተነበትን መሬት የጨው መጠን ከረጢቱ ላይ ጻፉለት።