አዲስ የራግቢ ሊግ ክለብ ከባዶ እንዴት ይቋቋማል?

ገንዘብ አላችሁ እንበል። ብዙ ገንዘብ። የራግቢ ክለብ አቋቁማችሁ በአውስትራሊያ ትልቁ ሊግ ውስጥ መወዳደር አማራችሁ። መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ስም፣ አርማ፣ የማሊያ ቀለም። እነሱን ለጊዜው ተዉአቸው። ሥራው የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው።

ነገሩን በአንድ እውነተኛ ክለብ እንከተለው። ክለቡ ዶልፊንስ ይባላል። በ2023 ኤንአርኤል የሚባለውን ሊግ 17ኛ ቡድን ሆኖ ተቀላቀለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለማያውቀው ሰው፣ ራግቢ ሊግ በ13 ተጫዋች የሚካሄደው ነው። በ15 የሚጫወቱት ራግቢ ዩኒየን ይባላል፤ የተለየ ጨዋታ ነው። ሁለቱን ለሲድኒ ሰው ብታምታቱበት ቅር ይለዋል።

1. በሩ መከፈቱን አረጋግጡ

በእግር ኳስ ከታች ጀምሮ እያሸነፉ ማደግ ይቻላል። ኤንአርኤል ውስጥ ማደግም መውረድም የለም። ሊጉን የሚመራው ኮሚሽን «አንድ ቡድን እንጨምር» ካላለ መቶ ጨዋታ ብታሸንፉም ውጭ ናችሁ።

ኮሚሽኑ በሩን የሚከፍተው ደግሞ በአብዛኛው ለቴሌቪዥን ብሎ ነው። ሒሳቡን እዩት። 16 ቡድን ሲኖር በየሳምንቱ 8 ጨዋታ አለ። 17ኛው ሲገባም ጨዋታው ያው 8 ነው፤ አንዱ ቡድን አራፊ ይሆናል። 18ኛው ሲገባ ነው 9ኛው ጨዋታ የሚመጣው። ስለዚህ 17ኛው እግሩን ሲያስገባ የ18ኛው ወሬ መጀመሩ አይቀሬ ነበር። ፐርዝ ቤርስ ለ2027፣ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ቡድን ደግሞ ለ2028 ፈቃድ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። የፓፑዋው ጉዳይ ከኳስም ያልፋል። የአውስትራሊያ መንግሥት በ10 ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን የአገሩን ዶላር መድቦለታል። በፓስፊክ የቻይና ተሰሚነት መጨመሩ ባያሳስበው ኖሮ እጁ እንዲህ የሚፈታ አይመስለኝም።

ለእናንተ የሚሆነው ትምህርት አጭር ነው። ማመልከቻችሁን ስትጽፉ ስለ ክለባችሁ ብዙ አታውሩ። ሊጉ ምን እንደጎደለው ንገሩት።

2. ሥር ያለው ነገር ፈልጉ

ለ17ኛው ቦታ ሦስት አመልካቾች ቀረቡ። ሦስቱም ከብሪስበንና ከአካባቢዋ ነበሩ። ሁለቱ፣ ፋየርሆክስ እና ጄትስ፣ አዲስ ስም ይዘው መጡ። ሦስተኛው ከብሪስበን ሰሜን ባሕር ዳር ላይ ካለችው ሬድክሊፍ የመጣ በ1947 የተመሠረተ ክለብ ነበር። አሸናፊው እሱ ሆነ፤ ዶልፊንስ የምንለው ክለብ ይህ ነው። ፈቃዱ በይፋ የተነገረው ኦክቶበር 13 ቀን 2021 ነው።

ለምን እሱ? ቤት ስለነበረው ነው። የራሱ ሜዳ ነበረው፣ የገበያ ማዕከል ነበረው፣ አባላቱ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ትልቅ ቤት ነበረው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ ዓይነቱ የክለብ ቤት ቀልድ አይደለም። ከምግቡ፣ ከመጠጡና ከቁማር ማሽኑ የሚገኘው ገቢ ቡድኑን ያኖራል። የቁማሩ ነገር ብዙ ሰው ያስኮርፋል፤ እኔም አልወደውም። ግን ጨዋታ በሌለበት ወርም ገንዘብ የሚያስገባ በር መሆኑን መካድ አይቻልም።

3. ገንዘቡ ከስንት ኪስ ነው የሚመጣው?

«ስንት ገንዘብ አለ?» ከማለት ይልቅ ይህን ጠይቁ። የቶሮንቶ ዎልፍፓክን ታሪክ ብታዩ ይገባችኋል። የካናዳ ክለብ ሆኖ በ2017 በእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ጀመረ። በ2019 መጨረሻ ፌዘርስቶን የተባለውን ክለብ 24 ለ 6 አሸንፎ ሱፐር ሊግ የሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛው እርከን ገባ። ሶኒ ቢል ዊሊያምስን የሚያህል ኮከብ አስፈረመ። ከላይ ሲታይ የተሳካ ነገር ነበር።

ከሥር ግን ክለቡ በአንድ ባለሀብት ኪስ ላይ ቆሟል። ሌሎቹ የሱፐር ሊግ ክለቦች የሚካፈሉትን የቴሌቪዥን ገንዘብ አያገኝም። በታችኛው እርከን እያለ ደግሞ ሊገጥሙት የሚመጡትን ቡድኖች የጉዞና የማረፊያ ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው። እንግዳ ጠርቶ መሳፈሪያውንም መክፈል ማለት ነው። የቶሮንቶ ክረምት ስለሚከብድ የውድድሩን መጀመሪያ የሚጫወተው እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ የሜዳ ገቢ የለም። በ2020 ስድስት የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ ስድስቱንም ተሸነፈ። ኮሮና መጣ። ጁላይ ላይ ክለቡ ከውድድሩ ወጣ።

ስለዚህ ፈቃዱን ስትቀበሉ የቴሌቪዥን ድርሻችሁ ስንት እንደሆነና ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር በጽሑፍ ያዙ። ይህ መስመር ከሌለ አትፈርሙ።

4. ከተጫዋች በፊት አሰልጣኝ

ዶልፊንስ ዌይን ቤኔትን ያዘ። ሰውየው ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ አሰልጣኝ ነው። ለእኔ ግን ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚበልጠው ሌላ ነው። ብሪስበን ብሮንኮስ በ1988 ሲጀመር የመጀመሪያው አሰልጣኝ እሱ ነበር። አዲስ ክለብ ማቆም ምን እንደሚመስል ያውቃል። የልምምድ ቦታው ሳያልቅ፣ የሐኪም ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ ሰው እየሰበሰቡ መሥራት ሁሉም የሚችለው ሥራ አይደለም።

2022ን ሙሉ ምንም ቡድን ሳያሰለጥን ተጫዋች ሲያነጋግር አሳለፈ። አንድ ዓመት ደመወዝ እየተከፈለው ጨዋታ የሌለው አሰልጣኝ ብክነት ይመስላል። እኔ ግን ከተከፈለው ሁሉ በደንብ የዋለው ብር ይህ ነው እላለሁ።

5. ኖቬምበር 1ን ግድግዳ ላይ ጻፉት

አሁን ከባዱ መጣ።

ኤንአርኤል ውስጥ ለአዲስ ክለብ ተብሎ የሚወጣ የተጫዋቾች ዕጣ የለም። ማንም አንድ ሰው አይመርቅላችሁም። አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ አንድ የውድድር ዓመት ሲቀረው፣ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር ይፈቀድለታል። ዶልፊንስ ፈቃዱን በኦክቶበር አጋማሽ ያገኘው በምክንያት ነው። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ገበያው ተከፈተለት። ፈቃዱ በጃንዋሪ ቢመጣ ጥሩ ጥሩዎቹ አልቀው ነበር።

ሠላሳ ሰው ያስፈልጋችኋል። የደመወዝ ጣሪያው በ2023 ለሠላሳዎቹ 12.1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ መክፈል ክልክል ነው፤ ሀብታም ብትሆኑም አይጠቅማችሁም። ስለዚህ የምትሸጡት ገንዘብ ሳይሆን ዕድል ነው፦ «እዚህ ትጫወታለህ፣ እዚያ ተጠባባቂ ነህ።»

ዶልፊንስም መጀመሪያ ኮከብ ፈልጎ ነበር። ካሜሮን መንስተርን አሳደደ፤ ሰውየው ግን በነበረበት ክለብ በሜልበርን ስቶርም ቀረ። ካሊን ፖንጋን ተመኘ፤ እሱም በክለቡ በአውስትራሊያው ኒውካስል ቀረ። ጋዜጦቹ ተሳለቁ። አንድ ኮከብ አዲስ ክለብ ላይ ዕድሜውን አይወራረድም፤ ስማችሁ ደግሞ የአሮጌ ክለቡን ደመወዝ ማስጨመሪያ ይሆናል። ይህ በእናንተም ላይ ይደርሳል፤ አትናደዱ፣ ግን ስድስት ወር አትጠብቁት።

የያዙት ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ከሜልበርን ስቶርም ፌሊሴ ካውፉሲን፣ ጄሲ ብሮምዊችንና ወንድሙን ኬኒን አመጡ። ሦስቱም በዕድሜ የገፉ፣ ማሸነፍ የለመዱ የፊት መስመር ተጫዋቾች። የመጀመሪያው አምበል ጄሲ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ልምምድ እንዴት እንደሚደረግ ለወጣቶቹ በዓይን ያሳያሉ። ከጎናቸው ሌላ ቦታ ያልደመቁትን አሰለፉ። ጀሜይን ኢሳኮ ከእነሱ አንዱ ነው። በ2023 በሊጉ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ሆነ፤ በትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ብዛትም አንደኛ።

ግዢያችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አድርጉት፦ መጀመሪያ ጉልበተኛና ልምድ ያላቸው የፊት መስመር ሰዎች፣ ቀጥሎ የተገፉ ፈጣኖች፣ በመጨረሻ ጨዋታ አቀጣጣይ። አቀጣጣዩን ካጣችሁ ወጣት አሳድጉ።

6. ስምና ሜዳ

አሁን ስሙን ማውጣት ትችላላችሁ። ሬድክሊፎች የከተማቸውን ስም አንስተው «ዶልፊንስ» ብቻ አሉት። የሰፈሩን ሰው ትንሽ ቢያሳዝንም የሌላው ሰፈር ሰው እንዳይሸሽ ነው። ሜዳውም እንደዚሁ። የሬድክሊፍ ሜዳ የሚይዘው ከ10 ሺህ ብዙም ያልዘለለ ሰው ነው፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ጨዋታዎች 52,500 ወደሚይዘው ሳንኮርፕ ስታዲየም ሄዱ። ትንሿ ሜዳም ግን አልተተወችም። አንዳንዱን ጨዋታ እዚያ ማድረግ ነባሩን ደጋፊ ከማኩረፍ ያድናል።

ተጠባባቂዎቹ የት ይጫወታሉ? ሬድክሊፍ በክልሉ ውድድር መጫወቱን ስለቀጠለ ዶልፊንስ መልሱን ቀድሞ ይዞት ነበር። እናንተ ሁለተኛ ቡድን ከሌላችሁ ካለው ክለብ ጋር ተዋዋሉ።

7. የመጀመሪያው ዓመት

ማርች 5 ቀን 2023፣ ሳንኮርፕ። ተጋጣሚው ሲድኒ ሩስተርስ ነው፤ ለዋንጫ የሚጠበቅ ቡድን። ዶልፊንስ 28 ለ 18 አሸነፈ። ቀጥሎ ካንቤራን፣ ቀጥሎ ኒውካስልን። ሦስት ከሦስት! በአራተኛው ሳምንት ከጎረቤቱ ብሮንኮስ ጋር ገጠመ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገባ። 18 ለ 12 ተሸነፈ፣ ማንም ግን ቅር ብሎት አልወጣም።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አዲስ ክለብ በጉጉት ጉልበት ጥቂት ሳምንት ይበራል። ከዚያ ጉዳት ይመጣል፣ ስብስቡ ስስ ነው፣ 24 ጨዋታው አያልቅም። ዶልፊንስ ዓመቱን የጨረሰው በ9 ድል 13ኛ ሆኖ ነው። በጀታችሁን በሦስቱ ድል ላይ አትሥሩት፤ በ13ኛው ደረጃ ላይ ሥሩት። ስፖንሰሩም የሁለትና የሦስት ዓመት ውል ይፈርም።

8. ተተኪውን ከአሁኑ ቅጠሩ

ቤኔት በ2023 73 ዓመቱ ነበር። ክለቡ ይህን እያወቀ አልተኛም። ክርስቲያን ዉልፍን ከእንግሊዙ ሴንት ሄለንስ አመጣ። በዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የበላ ሰው ነው፤ መጥቶ ግን የቤኔት ምክትል ሆነ። ሁለት ዓመት ከጎኑ ተቀምጦ ተጫዋቾቹን አወቀ። በ2024 የመጨረሻ ሳምንት ዶልፊንስ ወደ ማጠቃለያው ለመግባት ኒውካስልን ማሸነፍ ነበረበት። 14 ለ 6 ተረታ፣ ቤኔትም ሄደ። በ2025 ዉልፍ ሥራውን ሲረከብ ከማንም ጋር መተዋወቅ አላስፈለገውም።