አጃቢዋ መርከብ መቼ ትሰማናለች? በሰርጓጅ መርከብ ጌም ላይ እንዴት እንደሚፈተሽ

መንዝ ያደገ ሰው የበረት ውሻ ያውቃል። ሌሊት ጅብ ሲሸተው እየጮኸ ይሮጥና ድንገት ቀጥ ይላል። ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል። እየሮጠ ሳለ የገዛ ኮቴውና ትንፋሹ ሌላውን ድምፅ ይውጥበታል። ሲቆም ግን አንዲት ጭራሮ ብትሰበር አታመልጠውም።

የጠላትን የጭነት መርከቦች ከሰርጓጅ የምትጠብቅ አጃቢ መርከብ ጆሮም እንዲሁ ነው። በፍጥነት ስትጓዝ የራሷ ሞተርና የምትሰነጥቀው ውሃ፣ በውሃ ውስጥ የምታዳምጥበትን ሃይድሮፎኗን ያደነቁሩታል። ስትዘገይ ትሰማለች። «በስንት ሜትር ርቀት ትሰማኛለች?» የሚለው ግን ተፈትኖ ብቻ ነው የሚታወቀው። ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ስሠራ የከረምኩት ይህንኑ ነው። የምጫወተው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ የሚመራበትን ሳይለንት ሀንተር 3 ነው። አካሄዱ ለሌሎች የሰርጓጅ ጌሞችም ይሆናል።

መጀመሪያ ባሕሩን ባዶ አድርጉት። ከጌሙ ጋር የሚመጣውን፣ የራሳችሁን ተልእኮ የምታዘጋጁበትን ሚሽን ኤዲተር ክፈቱና አንድ ሰርጓጅ፣ አንድ አጃቢ ብቻ አስቀምጡ። ሌላ መርከብ አይኑር። ሰዓቱ ቀን ይሁን፣ ጉም አይኑር፣ ነፋሱ ዜሮ ይሁን። የአጃቢዋን የባሕርተኞች ብቃት መካከለኛ አድርጉት። ዓመተ ምሕረቱንም አንዴ ወስናችሁ አትንኩት፤ ጌሙ ለአጃቢዎች የሚሰጠው መሣሪያ እንደ ዘመኑ ይለያያል። እ.ኤ.አ. የ1939 አጃቢና የ1943 አጃቢ አንድ አይደሉም። በእውነተኛው ጦርነትም እ.ኤ.አ. በሜይ 1943 ጀርመን በአንድ ወር ከ40 በላይ ሰርጓጆች አጥታ ከሰሜን አትላንቲክ ለመሸሽ ተገዳለች።

ቀጥሎ መንገዷን አስምሩላት። ከእናንተ 5 ኪሎ ሜትር ርቃ ትነሳ። በቀጥታ ወደ እናንተ አትምጣ፤ በጎናችሁ 500 ሜትር ያህል ርቃ እንድታልፍ አድርጉ። ፍጥነቷ 10 ኖት ይሁን። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አጠገባችሁ እስክትደርስ 16 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ሰዓቱን በፈጣን አታስኪዱት። እኔ የምመዘግበው በተራው ፍጥነት ያየሁትን ብቻ ነው። ረጅም ይመስላል፣ ግን ቡና ተፈልቶ የመጀመሪያው ሲኒ እስኪቀዳ ያልቃል።

አሁን ወደ 25 ሜትር ጥለቁ፣ 2 ኖት ያዙ፣ ድምፅ አጥፍቶ የመሄጃውን ትእዛዝ ስጡ። የውጭውን ካሜራ ፍቀዱና አጃቢዋን ተመልከቱ። የምትጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ አፍንጫዋን ወደ እናንተ የምትመልስበትን ቅጽበት። ያን ጊዜ ጌሙን አቁማችሁ ርቀቱን ጻፉ። በደብተር ጻፉት። በእኛ አካባቢ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፤ በአእምሮ የተያዘ ቁጥርም አይታመንም።

አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። ጌሙ ውስጥ የዕድል ሥሌት አለ። አንዴ በ1200 ሜትር ትሰማችሁና በሚቀጥለው በ700 ታልፋችሁ ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ሙከራ ምንም ሳትቀይሩ አምስት ጊዜ ድገሙ። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሀለኛውን ያዙ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አንድ ብቻ! ይህን አጥብቄ የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል «100 ሜትር ከጠለቅኩ አትሰማኝም» ብዬ አምኜ ነበር። በኋላ ደብተሬን መለስ ብዬ ሳይ፣ በጥልቁ ሙከራዎች ሁሉ የአየሩን ጠባይ ለጌሙ ትቼለት ኖሯል፤ ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ነበር። ነፋሱን ዜሮ አድርጌ ስደግመው በ100 ሜትርም ሰማችኝ። ማዕበሉ ነበር የሸፈነኝ።

የራሳችሁን ፍጥነት በመቀየር ጀምሩ። 2፣ 4፣ 6 ኖት። ከዚያ የእናንተን ወደ 2 መልሳችሁ የእሷን 8፣ 15፣ 20 አድርጉ። ውሻው የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ከኋላዋም ሆናችሁ ሞክሩት፤ ከፕሮፔለሯ ጀርባ ጆሮዋ ደካማ ነው። ጥልቀት፣ ነፋስና የባሕርተኞች ብቃት ኋላ ይምጡ።

ሶናር ሌላ ነገር ነው። ሃይድሮፎን ያዳምጣል፣ ሶናር ግን ይጮሃል። ጣርማበር ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ያውቀዋል፤ ድምፁን የገደል ማሚቶ ይመልስለታል። አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ውሃ ውስጥ 1500 ያህል። ስለዚህ 1500 ሜትር ርቃ ፒንግ የሚባለውን የሶናር ድምፅ የለቀቀች መርከብ ማሚቶው በ2 ሰከንድ ይደርሳታል። ለዚህ ሙከራ ኢርፎን አድርጉ፤ ፒንጉ ሰርጓጁ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

እዚህ ዝምታ ብቻውን አያድንም፤ ገደል ስላልጮኸ ማሚቶው አይቀርም። የሚለየው የምታሳዩት ገላ ነው። ሰባት ሲ የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ 67 ሜትር ይረዝማል። ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ሰፊ ግድግዳ ነው፣ አፍንጫውን ወይም ጭራውን ሲሰጥ ግን ጠባብ ነው። ሁለቱንም አምስት አምስት ጊዜ ፈትኑ። በዚያ ዘመን የነበረው ሶናር ወደፊት ስለሚያይ አጃቢዋ በጣም ስትቀርብ ከሥሯ ያለውን ታጣዋለች። ያ ርቀት በ50 ሜትር ጥልቀት ስንት እንደሆነ፣ በ150 ስንት እንደሆነ ለየብቻ መዝግቡ። ለማምለጥ መቼ መታጠፍ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ካልጣማችሁ የአጃቢዎችን ጆሮ መቀየር ይቻላል። ጌሙ ባለበት ፎልደር፣ ዳታ፣ ከዚያ ሲኤፍጂ ውስጥ ሲም የሚባል ፋይል አለ። በኖትፓድ ይከፈታል። ሃይድሮፎንና ሶናር ለየብቻ ተጽፈው ታገኛላችሁ። ሳትነኩት በፊት ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ጌሙን ዝጉ፣ አንድ ቁጥር ቀይሩ፣ እንደገና ክፈቱና ሙከራውን ከመጀመሪያው አስኪዱ።

በመጨረሻ ሁለተኛ አጃቢ ጨምሩ። የእንግሊዙ ካፒቴን ፍሬድሪክ ጆን ዎከር አንዷን መርከብ ርቃ በሶናር እንድትከታተል አድርጎ፣ ሌላዋን በዝግታ ወደ ሰርጓጁ አናት ይመራ ነበር። እናንተም አንዷን በ20 ኖት፣ ሌላዋን 2 ኪሎ ሜትር ርቃ በ5 ኖት አስኪዱ። አፍንጫዋን ቀድማ የምትመልሰው የትኛዋ እንደሆነች ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።