የጠለፋ መስኖ ውሃን በተራ ማካፈል፦ ከልኬቱ እስከ ሌሊቱ ተራ

በጠለፋ ውሃ፣ ማለትም ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ በሚመጣ ውሃ ላይ ጠብ የሚነሳው ውሃው ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ መጠኑ ሳይታወቅ ስለሚከፋፈልም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። የሚለካው ወንዙ በጣም በሚሳሳበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። የኅዳርን ውሃ አይቶ ማሳ ያሰፋ ሰው፣ ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ሰዓት ባዶ ቦይ ይጠብቀዋል።

ከመለካታችሁ በፊት ከጠለፋው በታች ለሰውና ለከብት መጠጥ የሚበቃ ውሃ ልቀቁ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤት ፍጆታ ነው። የምትካፈሉት ከዚያ በኋላ ወደ ቦዩ የገባውን ብቻ ነው።

ዋናው ቦይ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ 10 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ችካል ትከሉ። ከላይኛው ችካል ትንሽ ከፍ ብላችሁ ሎሚ ጣሉና ከችካል እስከ ችካል ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት በስልክ ያዙ። አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ገለባ አትጣሉ፣ ነፋስ ይገፋዋል። የውሃው ወርድ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ከሆነና ሎሚው 25 ሰከንድ ከፈጀበት፣ ፍጥነቱ 10 ሜትር ለ25 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ ስሌቱ 0.5 × 0.2 × 0.4 ይሆናል። ከላይ ያለው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.7 አባዙት፤ በሰከንድ 28 ሊትር ነው። ለትንሽ ምንጭ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ባለ20 ሊትሩ ጀሪካን በ10 ሰከንድ ከሞላ 2 ሊትር ነው።

28 ሊትር ሌት ተቀን ከሠራ ወደ 90 ጥማድ ያጠጣል (አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚባልበት አገር)። ለአንድ ጥማድ 2 ሰዓት ስጡ፤ ወደ 200 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል። ግማሹ በቦይና በማሳ ቢባክን እንኳ የቀረው፣ ተራው በሰባት ቀን ተኩል ሲመለስ፣ ለሰብሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀን ብቻ የሚያጠጣ ማኅበር ግን ከ45 ጥማድ በላይ ቃል አይግባ።

90 ጥማድ በ2 ሰዓት፣ ዙሩ 180 ሰዓት ማለትም ሰባት ቀን ተኩል ይሆናል። ይህች ግማሽ ቀን ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ዙሩ ልክ ሳምንት ቢሆን ሌሊት የደረሰው ሰው ወቅቱን ሙሉ ሌሊት ሲንከራተት ይከርማል። አሁን ግን የሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ባለተራ በሚቀጥለው ዙር ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያገኛል። በዓል የሚከበርበት አካባቢ የበዓሉን ሰዓት አስቀድሞ ያውጣ፤ ዙሩ በዚያው ይረዝማል፣ ውሃው ለታችኞቹ ይፈስሳል።

ተራውን ከግርጌ፣ ማለትም ከቦዩ መጨረሻ ጀምሩ። የግርጌው ሰው ሰዓት የሚቆጠረው ውሃ ከማሳው አፍ ሲደርስ እንጂ ራስጌ ላይ ሲከፈት አይደለም። ደረቅ ቦይ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፤ ያንን ኪሳራ አንድ ሰው ብቻውን አይሸከም። ተራውን የሚያስከብረውን የውሃ አባት ስትመርጡም ማሳው ግርጌ የሆነውን ምረጡ። ውሃ ሳይደርሰው ሲቀር ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያጋጥማችሁ የውሃ መጥፋት ነው። ራስጌና ግርጌን በአንድ ቀን ለኩ። ላይ 28፣ ታች 18 ከሆነ ከሲሶ በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፍልፈል ነው። ቀዳዳውን ከውጭ በሣር መወተፍ አይበጅም፣ በማግስቱ ይፈነዳል። እስከ ውስጥ ቆፍራችሁ ክፈቱትና እርጥብ የሸክላ አፈር በስስ በስሱ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። ቀዳዳ ካልተገኘ ከጠለፋው በላይ ሂዱ። አንድ ባለ3 ኢንች ሞተር ፓምፕ በሰከንድ 10 ሊትር ሊስብ ይችላል፤ ከ28 ላይ ሲቀነስ አስቡት። ባለሞተሩን ከዙሩ አስገብታችሁ በሰዓት ቁጠሩለት። ከውጭ ትታችሁት በቅጣት ብቻ ልታስቆሙት ብትሞክሩ ሌሊት ይስባል።

የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ማለቁ በዓይን አይታይም። በየወሩ በአንድ ቀን፣ ማለዳ ማንም ሳይቀዳ፣ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ውሃው እስኪነካ አውርዱና የደረቀውን ርዝመት በደብተር መዝግቡ። የዘንድሮው ሚያዝያ ከአምናው ሚያዝያ ግማሽ ሜትር ከራቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀነሰውን ጥማድ ዘር ሳይገዛ፣ በመስከረም ስብሰባ ላይ ወስኑ።