ሴቶች ቤት ውስጥ ክብደት ማንሳት እንዴት ይጀምራሉ?

«ክብደት ካነሳሁ እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ» ብለሽ ከሆነ የተውሽው፣ አትፍሪ። ጡንቻን በማግዘፍ ትልቅ ድርሻ ያለው ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን እኛ ሴቶች ጋ ከወንዶች በጣም ያነሰ ነው። የምታገኚው ጉልበት ነው። አጥንትሽም ይጠቀማል፤ ከማረጥ በኋላ የሴት አጥንት ቶሎ ስለሚሳሳ ከአሁኑ ማጠንከሩ ያዋጣል።

ዳምቤል ለመግዛት አትቸኩዪ። የጀርባ ቦርሳ፣ የውሃ ጠርሙሶች፣ የማይንሸራተት ወንበርና የመጥረጊያ እንጨት ካለሽ ይበቃሻል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ሚዛን አያስፈልግሽም። ጠርሙሶቹን ግን እስከ አፋቸው ሞልተሽ ክደኛቸው፤ ጎደል ካሉ ውሃው እየተናጠ ሚዛንሽን ያስትሻል።

5 ደቂቃ ሰውነትሽን አሟሙቂ። ከዚያ አራት እንቅስቃሴ ብቻ።

መጀመሪያ ቁጭ ብድግ፦ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፣ ተነሺ። ቀጥሎ ፑሽ አፕ፦ ግድግዳ ላይ ጀምሪ፣ ከዚያ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ መጨረሻ መሬት ላይ። ብዙ ሰው ጉልበትሽን መሬት አስነክተሽ ጀምሪ ይላል፤ እኔ ግን ከፍ ያለ ነገር ላይ መጀመሩን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከፍታውን በቀነስሽ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየከበደ ስለሚሄድ መሻሻልሽን በዓይንሽ ታያለሽ። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ከታች ወደ ጎድን አጥንትሽ መሳብ፣ አራተኛው ቦርሳውን ከመሬት ማንሳት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ጎንበስ ማለት ስትችዪ ነው።

አዎ፣ ጎንበስ ማለት ትምህርት ይፈልጋል። እኔ ሳልማረው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቦርሳው ውስጥ 12 ሊትር ከትቼ ጀርባዬን አጉብጬ አነሳሁ። ለአምስተኛ ጊዜ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ለዘጠኝ ቀን ካልሲ የማጠልቀው ተኝቼ ነበር። ክብደቱ አልነበረም ጥፋቱ፣ አጎነባበሴ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ክብደት፣ በመጥረጊያ እንጨት ብቻ ተለማመጂ። እንጨቱን ከኋላሽ በቁመትሽ ያዢው፤ አንድ እጅሽ ከአንገትሽ ኋላ፣ ሌላው ከወገብሽ ኋላ። እንጨቱ ሦስት ቦታ ይንካሽ፦ ጭንቅላትሽን፣ የትከሻሽን መሃል፣ ከመቀመጫሽ ከፍ ብሎ ያለውን አጥንት። ጉልበትሽን ትንሽ ብቻ ልል አድርጊው። አሁን ሁለት እጅሽ ዕቃ ይዞ በሩን በመቀመጫሽ የምትዘጊ ይመስል መቀመጫሽን ወደ ኋላ ግፊ። ደረትሽ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። የታፋሽ ጀርባ ሲወጠር ከተሰማሽ ልክ ነሽ። እንጨቱ ከሦስቱ አንዱን ከለቀቀ ግን ጎብጠሻል፤ ከዚያ በላይ አትውረጂ። እኔ ይሄንን ብቻ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሠራሁ፣ ከዚያ በ3 ኪሎ ጀመርኩ። መሬት ድረስ መውረድ ካቃተሽ ቦርሳውን ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ከዚያ አንሺው።

በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል፣ በመሃል ቢያንስ አንድ ቀን እያረፍሽ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፤ «ሁለት ብቻ ልጨምር እችላለሁ» የምትዪበት ቦታ ላይ አቁሚ። ስታነሺ ትንፋሽሽን አውጪ፣ አታፍኚው። 12 ሲቀልሽ 1 ሊትር ጨምሪ።

በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ጡንቻሽን ቢያምሽ የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን አቁሚ ማለት ነው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም በቅርብ ከወለድሽ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ። ስታነሺ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ደግሞ አትሸማቀቂ፣ አትደብቂው። ብዙ ሴት ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ይረዳሻል፤ እስከዚያ ክብደቱን ቀንሺ።

የሠራሽውን ደብተር ላይ ጻፊ፦ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ። የእኔ የመጀመሪያ ገጽ «ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ 6» ይላል።