ድቡልቡል ፊደል ለኬክ ቤት ታፔላ

ወፍራም፣ ጠርዙ ክብ የሆነ ተጫዋች ፎንት የሚያምረው በርዕስ ላይ ነው። ለታፔላ፣ ለልደት ካርድ፣ ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን ተጠቀሙበት። የዋጋ ዝርዝሩን ግን በቀጭን ፎንት ጻፉት፣ አለዚያ ዓይን ያደክማል።

መጀመሪያ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል እንዳለው እዩ። ብዙዎቹ ድቡልቡል ፎንቶች የላቲን ብቻ ስለሆኑ አማርኛ ስትጽፉባቸው ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካና ዲዛይኑ ይዘበራረቃል። ካጣችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዱ፣ ነጻ ነው። ቦልዱን (ወፍራሙን) ምረጡ። ከዚያ ኢንክስኬፕ በሚባለው ነጻ የስዕል ፕሮግራም ላይ በራሱ በፊደሉ ቀለም ስትሮክ (በፊደሉ ጠርዝ ዙሪያ የሚሄድ መስመር) ጨምሩበትና የመስመሩን መጋጠሚያ ክብ አድርጉት፣ የውጭ ማዕዘኖቹ ሁሉ ይለሰልሳሉ።

አሁን ጠንቀቅ በሉ። የስትሮኩ ግማሽ ከፊደሉ ጠርዝ ወጥቶ ወደ ቀዳዳው ስለሚገባ ቀዳዳ ይደፍናል። «ኬክ ቤት» ብላችሁ ጻፉና የ«ቤ»ን እግር አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ እዚያች ትንሽ ቀለበት ውስጥ ነጭ ካልታየ «ቤ» ከሩቅ «ቢ» ይመስላል፣ ይሄ ደግሞ በላቲን ፊደል ለለመደ ዲዛይነር በቀላሉ የሚያመልጥ ነገር ነው። ስትሮኩን ቀንሱ፣ ወይም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ቀለበቷን በእጅ አስፏት። «ሸ»ን ከ«ሰ» የምትለየው የአናት መስመርም እንዳትዋጥ። ስትሮኩ ፊደሎቹን ስለሚያጠጋጋ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ጨምሩ።

በመጨረሻ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና ራቅ ብላችሁ አንብቡት። ፒያሳ ላይ ብዙ ሰው ታፔላ የሚያየው ከታክሲ መስኮት ነው፣ ቆሞ የሚያነብላችሁ የለም።