ከተዘጋጀ ፎንት የለስላሳ መጠጥ አርማ ሲሠራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፎንት የሚሠራው የትኛውም ፊደል ከየትኛውም ፊደል ጎን ቢቆም እንዲስማማ ተደርጎ ነው። አርማ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የፊደላቱ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ከታች ካሉት ችግሮች አንዳንዶቹ የሚነሱት ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

አርማው በኮምፒውተር የተተየበ እንጂ የተሣለ አይመስልም

በእጅ ጽሑፍ መልክ የተዘጋጀ ፎንት ላይ አንድ ፊደል ሁለቴ ሲመጣ በአብዛኛው ቁርጥ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ዓይን ደግሞ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። የኮካ ኮላን አርማ ልብ ብለው ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1886 ሒሳብ ያዡ ፍራንክ ሮቢንሰን ስሙን የጻፈው በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ በተለመደው የስፔንሰሪያን የእጅ ጽሑፍ ስልት ነበር። ሁለቱ ትልልቅ «ሲ»ዎች አይመሳሰሉም፦ የመጀመሪያው ጭራውን ከጎኑ ባሉት ፊደላት ሥር ይዘረጋል፤ የሁለተኛው የላይኛው ጫፍ በ«ኤል» ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ማንኛውም ፎንት ይህን በራሱ አይሰጥም።

መፍትሄው ቃሉን ወደ ቬክተር ቅርጽ (መስመሩና ኩርባው በነጻነት ሊስተካከል ወደሚችል ሥዕል) ቀይሮ ከተደጋገሙት ፊደላት አንዱን እንደገና መሣል ነው። ጭራ የሚረዝመው ከሥሩ ወይም ከላዩ ባዶ ቦታ ካለ ብቻ ነው። ቦታ በሌለበት የተጨመረ ጭራ ማንንም አያታልልም።

ሲለጠጥ ወይም ሲያዘነብል ቅርጹ ይበላሻል

ቃሉን ወደ ጎን ሲለጥጡት ቋሚ መስመሮች ይወፍራሉ፣ አግዳሚዎቹ ግን እንደ ቀጠኑ ይቀራሉ። ከመለጠጥ ይልቅ የዚያው ፎንት ቤተሰብ ሰፊ ዝርያ ካለ እርሱን ይውሰዱ፤ ከሌለ የመስመሮቹን ውፍረት በእጅ ያስተካክሉ። ማዘንበልም ክብ ፊደላትን ስለሚያጣምም ኩርባዎቹ እንደገና መሣል አለባቸው።

ማዘንበል ንባብንም ሊያሳስት ይችላል። በ1950ዎቹ የዶክተር ፔፐር አርማ ያዘነበለ አዲስ አጻጻፍ ሲይዝ፣ «ዶክተር» በእንግሊዝኛ ባጭሩ በሚጻፍበት «Dr.» ላይ ከ«ዲ» ቀጥሎ ያለው «አር» ከነጥቡ ጋር ተዳምሮ «አይ» እና ሁለት ነጥብ እየመሰለ አስቸገረ። የተወሰደው መፍትሄ ነጥቡን ማስወገድ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ድፍረት ይጠይቃል፣ ግን ትክክል ነው።

ጣሳው ላይ የዳር ፊደላት ይጠፋሉ

በኮምፒውተር ላይ አርማው ጠፍጣፋ ነው፤ ጣሳ ግን ክብ ነው። የተለመደው የ330 ሚሊሊትር ጣሳ ዲያሜትር ወደ 66 ሚሊሜትር ይጠጋል። 70 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቃል ሲጠቀለልበት ከፊት ለፊት 58 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ጫፍ ላይ ያለው ፊደልም የስፋቱን ግማሽ ያጣል። ቃሉን ወደ 55 ሚሊሜትር ካጠበቡት ያው ፊደል የስፋቱን ሁለት ሦስተኛ ይይዛል። ረጅም ስም ከሆነ በሁለት መስመር ይክፈሉት ወይም ከታች ወደ ላይ ያቁሙት። ወረቀት ላይ አትሞ ጣሳ ላይ መጠቅለል ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ እውነቱን ያሳያል።

ሲታተም የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል

ጥላና ጠርዝ ሲደራረቡ ፊደሉ ወደ ውስጥም፣ ማለትም ወደ ቀዳዳው (በመስመር ወደተከበበው ባዶ ቦታ) ይወፍራል። ብዙ የጣሳ ማተሚያዎች ደግሞ ቀለሞቹን ሁሉ በአንድ የጎማ ንጣፍ ላይ ሰብስበው በአንድ ጊዜ ያሳርፋሉ፤ ስለዚህ ጎረቤት ቀለሞች እንዳይቀላቀሉ ክፍተት ያስፈልጋል። ቀዳዳዎቹን ያስፉ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ ብቻ ይጨምሩ። ለቆርኪ የሚሆን ጥላ የሌለው ትንሽ አርማም ለብቻው ይሣሉ።

የፈቃድ ጥያቄ ይነሳል

አንዳንድ የፎንት ፈቃዶች አርማ መሥራትን ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ የተለየ ክፍያ ይጠይቃሉ። በኤስ አይ ኤል ክፍት ፈቃድ (ፎንትን በነጻ ለመጠቀም በሚያስችለው SIL Open Font License) የወጡ ፎንቶች ለአርማ ያለ ክፍያ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን ያንኑ ፎንት ተፎካካሪም ማውረድ ይችላል። የፈቃዱን ቅጂ ከአርማው ዋና ፋይል ጋር ያስቀምጡ።